የቶርላይፍ ረጅም ቢላ

ሰው ከባሕር ሥር መረብ ቢተበትበው ቢላውን በየትኛው እጁ ይመዛል? ወይዘሮ ራግና ሳምንቱን ሙሉ ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተው መልስ አላገኙለትም። የልጅ ልጃቸው ዳግኒ የጠላቂነት ትምህርቷን ጨርሳ፣ በማግስቱ ከሟች ባላቸው ወንድም ከአቶ ቶርላይፍ ጋር የሚበላ ዛጎል ለመልቀም ልትጠልቅ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ራግና ከጀልባ ማረፊያው ወደ ቤት ሲመለሱ ከቶርላይፍ ጋር ድንገት ተገናኙ። ሽማግሌው በጋዜጣ የተጠቀለለ ክንድ የሚያህል ነገር አቅፈዋል።

«ለዳግኒ ነው፤ የወንድሜ ቢላ። እስከ እጀታው በዓሳ ዘይት አሽቼ መስተዋት አስመስዬዋለሁ።»

«ይኼ ቢላ ነው ጎራዴ? በል ግባ፣ ራስህ ንገራት» አሉ ራግና። አስገብተውም ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ በቡናማ አይብ አቀረቡላቸው።

ዳግኒ ቢላውን አገላብጣ አየችና ፈገግ አለች። «አጎቴ፣ ከሻርክ ጋር ልታገል ነው እንዴ የምሄደው?»

«ሳቂ! እኔ አርባ ዓመት የጠለቅሁት እንዲህ ባለ ነው። ቢላ ማለት ረጅም፣ ሹል፣ ባት ላይ የታሰረ! ያንቺ ምንድነው፣ የድንች መላጫ?»

«የእኛ ጠላት እኮ ዓሳ አይደለም፤ ተቆርጦ የቀረ መረብና የማጥመጃ ክር ነው። የእኔን ይዩት፤ አንዱ ጎኑ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ሌላው ስለት ነው። ጫፉ ደግሞ ደነዝ ነው፤ ብደናበር ልብሴንም የአየር ቱቦዬንም አይበሳም።»

«ጫፍ የሌለው ቢላ! ትሰሚያለሽ እትዬ ራግና? ነገ ደግሞ ቀዳዳ ያለው ጀልባ ያመጡልናል።»

ራግናን የባሰ ያስጨነቃቸው ሁለቱም እውነት ያላቸው መምሰሉ ነው። ረጅሙ ቢላ ባላቸውን ዕድሜ ልኩን በደህና መልሶላቸዋል፤ ልጅቷ ደግሞ ተምራለች። በመጨረሻ ብድግ ብለው ከዕቃ ቤት አሮጌ የሳልሞን ዓሳ መረብ ጎትተው መጡ።

«እኔ በወሬ አላምንም። ቶርላይፍ፣ ቢላውን ባትህ ላይ እሰር። የልጅቷንም የመጥለቂያ ጓንት አጥልቅ።»

«በዚህ ዕድሜዬ መጫወቻ ልታደርጊኝ ነው?»

«ነገ በልጄ ከሚቀለድ ዛሬ ባንተ ይቀለድ!»

ዳግኒ እየሳቀች ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ከትከሻቸው እስከ ጉልበታቸው ጠቀለለቻቸው። ቶርላይፍ ሊያጎነብሱ ቢሉ መረቡ ያዛቸው። እንደምንም እጀታው ላይ ሲደርሱ በዘይት ያሹት እጀታ ከጓንቱ አዳለጠ። በስንት መከራ ሲመዙት ጫፉ ሱሪያቸውን ሸረከተው፤ ስለቱም የመረቡ ናይለን ላይ ተንሸራተተ።

«ይኸው፣ የመጥለቂያ ልብስህ ቢሆን ውሃ ገብቶልህ ነበር!» አሉ ራግና፣ ሳቅና ድንጋጤ ተደባልቆባቸው።

ዳግኒ ለነገው ስትለካ ደረቷ ላይ ካሰረችው አፎት በግራ እጇ ትንሿን ቢላ መዘዘችና መረቡን በሦስት ምት ተረተረችው። «ደረቴ ላይ ስለሆነ ሁለቱም እጆቼ ይደርሱበታል። እጀታው ጎማ ነው፣ አያዳልጥም። አፎቱ በራሱ አይለቀውም፤ በአንድ እጅ ግን ይመዘዛል። ቢወድቅብኝ እንኳ ሌላ መቁረጫ ክንዴ ላይ አለ።»

«ዝገቱስ?» አሉ ቶርላይፍ፤ ድምፃቸው ለዝቧል።

«ቲታኒየም የሚባል ብረት ነው፣ ጨው አይበላውም። ቢሆንም በወጣሁ ቁጥር በንጹሕ ውሃ አጥበዋለሁ፣ ስለቱንም እፈትሻለሁ።»

ወይዘሮ ራግና በረጅሙ ተነፈሱ። ለሚወዱት ሰው ቢላ የሚመርጥ ሁሉ፣ ሲያዩት የሚያምረውን ሳይሆን በብርድ፣ በጨለማ፣ እጅ ተይዞ ሳለ የሚታዘዘውን ይምረጥ፤ አስቀድሞም በደረቅ መሬት ይሞክረው። እሳቸው የልጅቷን ነገር እፎይ ቢሉም ሌላ ጭንቀት ወዲያው ተተካ።

«የራስህስ ቢላ ከዚህ ረጅም ቢላ በምን ይለያል? ነገ ልጄ አብራህ ናት። አንተ ከተያዝክ ለእሷ ማን ሊደርስላት ነው?»

«የጠላቂ ዕቃ የሚሸጠው የወደቡ ሱቅ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ግማሽ ሰዓት አለዎት» አለች ዳግኒ ቀስ ብላ።

ሽማግሌው የተቀደደ ሱሪያቸውን አዩ። የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ከዚያ አፎቱን ከባታቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ የተገመሰ ዋፍላቸውን ትተው በወደቡ በኩል ባለው በር ወጡ።