ድልድዩ አፍ ላይ የቆመችው መኪና

ወዳጆች፣ ሳምቡሳውን ለአፍታ ተዉትና ጋሼ ገነነን ስሰናበት ስሙኝ። ኢጋል፣ አንተንም ጭምር ነው!

ጋሼ ገነነ እዚህ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ወዳለው ቢሯችን የመጡ ቀን ፍሪጅ ሠሪ መስለውን ቀጥታ ወደ ማዕድ ቤት ወሰድናቸው። እርሳቸውም ፍሪጁን ጠግነው ወጡና «አሁንስ ጌሙ የታለ?» አሉ። ፍሪጁ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሥራችንን ታውቁታላችሁ፤ ድሮ ሳንቲም እየበሉ ያጫውቱ የነበሩትን የትልልቅ ማሽኖች ጌሞች፣ ሰው ሳሎኑ ቁጭ ብሎ በቲቪ እንዲጫወታቸው አድርገን እንደገና እንሠራለን። ጋሼ የመኪና ውድድሩን ሲፈትሹ ግን ጉድ ነው! ከኩርባ በፊት ፍሬን፣ ግመል ካዩ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ።

«ጋሼ፣ ውድድር እኮ ነው!» እላቸዋለሁ።

«ካልቱን፣ ግመሉ ይህን በምን ያውቃል?» ይሉኛል።

ሳቁ እዚህ ላይ ይብቃን። ባልደረባችን ኑርን፣ አላህ ይርሐመውና፣ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ማንም በማይጫወትበት ሰዓት ስክሪኑ ላይ ለማሳያ በራሷ የምትሄደውን መኪና ነድቶ አካሄዷን የቀዳው እሱ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት «መጣሁ» ብሎ ወጣ። ይመለሳል ብለን ቀና ብሎ ያየው የለም። ዋሄን ገበያ ሳይደርስ ልቡ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ጌሙ ውስጥ ያለው ድልድይ አፍ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ፕሮግራም ሠሪያችን አያንሌ ኮዱን ደጋግሞ ቀየረው፤ አሁንም ትቆማለች።

«ተዉት፤ ያልተሸኘ ሰው ነው» አሉን ጋሼ።

ጋሼ፣ ያልነገርንዎት ነገር አለ። ጡረታ እወጣለሁ ካሉ ወዲህ ከኑር ኋላ ሌላ መኪና መጥታ ትቆማለች። ማንም አልቀዳትም። ከኩርባ በፊት ፍሬን ትይዛለች፣ ለግመሉ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ትነፋለች። ስክሪኑን በሻርፔ የሸፈንኩት ለጌጥ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ይህን ሥራ ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት። ስሳሳት ጮኸውብኝ አያውቁም፤ ወንበር ስበው አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። እንደ አባቴ ነው የምወድዎት። እዚያ ድልድይ ላይ ቆመው እንዲቀሩ አልፈልግም።

እና ሁላችሁም የማንጎ ጁሳችሁን አንሡ! ኑር ወንድማችን፣ በሰላም ሂድ። ጋሼ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት፣ የልጅ ልጆችዎን...

ቆይ። ጡሩምባውን ሰማችሁ? ኢጋል፣ ሻርፑን አንሣው።

የኑር መኪና ድልድዩን ተሻግራለች። የጋሼ መኪና ግን መንገድ ዳር ቆማለች፤ በሯ ተከፍቷል፣ ውስጧ ማንም የለም። ጋሼ፣ እጅዎን ይስጡኝ፤ እርስዎ እዚህ እኛ ጋ ነዎት።

በሉ ተነሡ፣ ጋሼን እስከ በር እንሸኛቸው። ማንም ስክሪን ላይ እንዳይቀር።