ሁሉን ለፋሲል የምትሰጥ ልጅ

ከፒያሳ ወደ አዘዞ በታክሲ ስንሄድ ከፊቴ ለተቀመጠችው ወጣት ስልክ ተደወለላት። የአባቷ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«የዕለቱን ጥያቄ ልጠይቅሽ። በዛሬዋ ቀን የነገሠው የጎንደር ንጉሥ ማነው?»

«ፋሲል?»

«ኧረግ! አንቺ ሁሉን ለፋሲል ነው የምትሰጪው! ኢያሱ ነው እንጂ። በይ ስሚኝ...»

ከዘውዱ ጀምረው እስከ ፈረሱ ልጓም ተረኩላት። ስልኩ ሲዘጋ አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት የማታውቃቸው እናት ሳቁ።

«ምነው ልጄ፣ የጎንደር ልጅ ሆነሽ?»

«ኧረ አውቀዋለሁ እማማ። አምናም በዛሬዋ ቀን ይህንኑ ጠይቆኛል።»

«ታዲያ ምን አሳሳተሽ?»

«ልጆች ሳለን ቁርስ ላይ ነበር የሚጠይቀን። ቀድሞ የመለሰ የእናቴን የመጀመሪያ ጉርሻ ይበላል። አሁን እሷም የለች፣ እኛም ተበታትነናል፤ እሱ ዳባት ብቻውን ነው።»

«እህ...»

«ካወቅሁለት ‹ሸጋ፣ ተባረኪ› ብሎ ይዘጋዋል። ከሳትሁ ግን ይኸው፣ ከፒያሳ እስከዚህ ያወራኛል።»

«አንድ ቀን ይነቃብሻል!»

«ነቅቷል መሰለኝ እማማ። ጥያቄው ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ፣ ታሪኩ ግን እየረዘመ ነው።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን አቃተኝ።