ያደረ ውሃ

አንድ ቅዳሜ ከሜክሲኮ በታክሲ መጥቼ ካዛንችስ ወደ ቅያሳችን እንደታጠፍኩ አንድ ባልዲ ውሃ ጫማዬ ላይ ተደፋ። የደፉት ጎረቤቴ እትዬ ጀማነሽ ነበሩ።

«ውይ መምህር፣ በሞትኩት! አዲሱ ውሃ ስለመጣ አሮጌውን እየደፋሁ ነው እኮ!»

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነበር፤ እሱም ደስ ሲለው። የልጃቸው የፍሬሰላም ሠርግ ደግሞ ለሳምንቱ እሑድ ነው። እንግዳ ጠርተው ውሃ እንዳያጡ ሲጨነቁ የሰነበቱት እኚሁ ሴትዮ ናቸው! ምክር ስለምወድ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፤ ግን የውሃ ምህንድስና የምትማረው ጎረቤታችን ሐሴት ቀደመችኝ።

«እትዬ፣ ማለቴ… በርሜሉ ታጥቦ፣ ተከድኖ ነው የተቀመጠው። ውሃው ምን ሆነ ብለው ነው የሚደፉት?»

«ያደረ ነዋ! ያደረ ውሃ ባቀርብ የወንዱ ወገን ምን ይለኛል?»

«ጠላውስ አላደረም?»

«ጠላማ ሲያድር ነው የሚጥመው። አንቺ ልጅ፣ አታሹፊብኝ!»

«ኧረ አላሾፍኩም! አዲሱ ውሃ ከየት የሚመጣ ይመስልዎታል?»

«ከቧንቧ።»

«ቧንቧውስ ከየት ያመጣዋል?»

እትዬ ጀማነሽ እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ከግድብ ነው፤» አለች ሐሴት፤ «ያለፈው ክረምት ዝናብ እዚያ ተጠራቅሞ፣ ተጣርቶ ይመጣልናል። በቃ፣ እትዬ፣ ከክረምት ጀምሮ ያደረ ነው! በልጉ ስለቀረ ደግሞ የደፉትን የሚተካ የለም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ…»

«አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!» ብለው ጨረሱላትና በሳቅ ፈረሱ። «እስከ ዛሬ ያደረ ስደፋ፣ ያደረ ስቀዳ ኖሬአለሁ በይኛ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸውን የሚያቆም ጠፋ። የእቃ ማለቅለቂያውን ውሃ ለሽንት ቤት አዋሉት፤ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አሠሩ። እድሩንም ወጥረው ይዘው፣ ክረምት ሳይገባ በየጣሪያው አሸንዳ እንዲሰቀል፣ ፈረቃ ሲዘለል ለሕመምተኛና ለአራስ የሚሆን መጠባበቂያ በርሜል እንዲቀመጥ አስወሰኑ። እኔ በዓመት ንግግር ያላገኘሁትን እሳቸው በአንድ ስብሰባ አገኙት፤ ቀናሁ ማለት ይቻላል።

የሠርጉ ዕለት ቧንቧው ሲከፈት ነፋስ ብቻ ተነፈሰ። እኔ ክው አልኩ። እትዬ ጀማነሽ ግን የሀገር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ማንቆርቆሪያቸውን ከበርሜሉ ሞልተው ዳሱ በር ላይ ቆሙ።

«ታጠቡ፣ ታጠቡ! ለእናንተ ብዬ ያሳደርኩት ውሃ ነው!»

የወንዱ ወገን እልልታውን አቀለጠው። እኔም እጄን ዘረጋሁ፤ ጫማዬን ግን ሰብሰብ አደረግሁ።