የሌላ ሰው እጅ የገባበት ሶላር

ሄሎ? ... ሄሎ፣ አቤት ... ማን ልበል? ... ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ! ቁጥሩ አዲስ ሆኖብኝ እኮ ነው። ... የባልሽ ስልክ ነው? እሺ። ደህና ነሽ? ልጆቹስ? ... ዶሮዎቹስ? ... ይመስገን። ... እኛማ ምን ደህንነት አለን ብለሽ ነው። አለን። መኖር ከተባለ አለን።

... አክስትሽ? እዚሁ አጠገቤ ናት፣ ትራስ ተደግፋ። ሰላም ብላሻለች፣ በእጇ። ... አይ፣ መናገር ይከብዳታል፤ ሁለት ቃል ከተናገረች ትንፋሽ ያጥራታል። ይሄ የሚያጉረመርመው ይሰማሻል? ... እሱ ነው፣ የኦክስጅኑ ማሽን። መብራት ሲኖር እሱ ያጉረመርማል፤ መብራት ሲጠፋ እሱ ዝም ይላል፣ እኔ አጉረመርማለሁ።

... ስለ ሶላር? አንቺም ልታስገቢ ነው? ... ለመፈልፈያው። ገባኝ። እንቁላሉ ሙቀት ካጣ አለቀለት። ... አውቃለሁ፣ ባለፈው ያን ሁሉ እንቁላል ስትጥይ በስልክ አልቅሰሽብኛል እኮ፣ እንዴት እረሳዋለሁ?

... የእኛ እንዴት ነው? እህት ዓለም፣ ቁስሌን ነው የነካሽው። የእኛማ ጣሪያው ላይ ጌጥ ሆኖ ተቀምጧል። ጎረቤት ሲያየን ሀብታም ነን። ... አይሰራም። አይ-ሰ-ራም! ... ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? ... አልነገርኩሽማ፤ አንቺም የራስሽ ጭንቀት አለብሽ ብዬ ነው። ... ፓነሉ ደህና ነው መሰለኝ፤ ባትሪው ነው። መብራት በሄደ ትንሽ ቆይቶ ድርግም ይላል። አንድ ቀን ተናድጄ የተለጠፈበትን ወረቀት በጥፍሬ ብልጠው ከስሩ ሌላ ወረቀት። እሱን ብልጠው ዝገት። ሌላ ሰው ቤት ዕድሜውን የጨረሰ ባትሪ ቀለም ተቀብቶ እናቴን ሊያስተነፍስ መጣ።

... ገጣሚውን እንዴት መረጥሽው? "ጥሩ ነው አሉ" ነዋ! ... እነማን አሉ? እሱን ብጠይቅ ኖሮ እዚህ እደርስ ነበር? ... የሰፈራችን ፋርማሲስት ናት የነገረችኝ። ነጭ ጋዋን ለብሳ መድኃኒት የምትሰጠኝን ሴት እንዴት ብዬ ልጠርጥራት? "እኔ ቤት የገጠመው ሰው አለ፤ ጨዋ ነው፤ ቀና ብሎ ሰው አያይም" አለችኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ ደስ አለኝ። ጣሪያ ላይ የሚሰራ ሰው ቀና ብሎ ካላየ ምን ሊረባኝ ነው! ... ሳቂ፣ ሳቂ። ... ስለ አመሉ ጠየቅሁ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቅሁ፣ ይጠጣል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ልጄን ልድርለት ይመስል ነበር። "አንቺ ቤት የገጠመው አሁንም ይሰራል ወይ?" የምትለዋ አንዲት ጥያቄ ግን አልመጣችልኝም። እሷም አልነገረችኝም።

... ቆይ፣ ዋናው መቼ መጣና። የእኔ ሲሞትብኝ ሄድኩባት። ፋርማሲው ውስጥ፣ ሰው ተሰልፎ። "ያንቺ ይሰራል?" አልኳት። አቀረቀረች። ለካስ የሷ ከእኔ በፊት ነው የሞተው! ... አዎ! የሷ ባትሪ ሞቶ እያለ ነው ለእኔ "ጥሩ ነው" ያለችኝ። ... ለምን? እኔም እሱን ነው ያልኳት። "ሌላ ደንበኛ ካመጣሽልኝ ተመልሼ አስተካክልልሻለሁ" ብሏት ነው። አመጣችለታ፤ እኔን። ... ኧረ ምን ያስተካክላል! ለእሷም አልተመለሰላትም። መድኃኒት የምታቆይበት ፍሪጅ እየሞቀባት ጨንቋት እንደሆነ እያለቀሰች ነገረችኝ። አላዘንኩላትም። እውነቴን ነው፣ ምንም አላዘንኩላትም። አሁን መድኃኒት የምገዛው ሌላ ሰፈር ሄጄ ነው። ሰው እንዴት የሚያውቀውን ሰው በምላሱ ይሸጣል?

... እማዬ፣ ቱቦውን አታውጪው፣ እባክሽ። ይቆርቁርሽ፣ ምን ይደረግ? ... ይቅርታ፣ እሷን ነው። ...

... ሌላ ባለሙያ? ስንቱን ጠራሁ መሰለሽ! ይመጣሉ፣ ሳጥኑን ይከፍታሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ከዚያ "የሌላ ሰው እጅ የገባበትን አልነካም።" ሁሉም፣ አንድ ላይ እንደተማሩት ሁሉ። ... ነክተውት ቢቃጠል በእነሱ ሊላከክ ነዋ። "የገጠመውን ጥሪው፣ እሱ ይጨርሰው" ብለው መሰላላቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ። የባትሪውን መቆጣጠሪያ ደግሞ ያ የገጠመው ሰውዬ በሚስጥር ቁጥር ቆልፎታል፤ እሱ ካልከፈተው ሌላ ባትሪ አይቀበልም አሉ። አየሽ፣ እኔም "አሉ" ማለት አልተውኩም።

... መደወልማ! ስልኩ ላይ የምታወራዋን ሴትዮ ድምፅ ከራሴ ድምፅ በላይ ለምጄዋለሁ። "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም" ትለኛለች። እንደማልችልማ አውቃለሁ፤ ችዬ መቼ አውቃለሁ። ... ቤቱም ሄጄ ነበር። ለቋል።

የሚያሳብደኝ ደግሞ ነገ ነው። ... አልሰማሽም? ነገ ከጠዋት እስከ ማታ መብራት የለም። ምሰሶ ሊቀይሩ ነው ብለው በድምፅ ማጉያ እየለፈፉ አለፉ። ... የኦክስጅን ሲሊንደሩም ባዶ ነው። የሚሞሉበት ቦታ ማሽናቸው ተበላሽቷል። ሆስፒታሉ "አልጋ የለንም፤ ቤቷ ማሽን ካላት ቤቷ ትቆይ" አለኝ። ማሽንማ አላት! ... አንቺ ጋ? በምን አባቴ ላምጣት? ያለ ማሽኑ እዚህ በሩ ድረስ አትደርስም።

... ምን አሰብሽ ትይኛለሽ? ምንም። ማሰብ ጨርሻለሁ። ጠዋት ተነስቼ ልብሷን አጠብኩ፣ አጣጠፍኩ፣ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። እሷ ደግሞ ታየኛለች።

... ተዪው፣ እኔም አላለቀስኩ፣ አንቺም አታልቅሺ። ይልቅ ያንቺን እንነጋገር፤ አንዳችን እንኳ እንዳን። ስሚኝ። ሰውየው መጥቶ ከመፈልፈያው በፊት ጣሪያሽን ካየ፣ አባርሪው። ... አዎ! መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ምን ምን እንደምታሰሪበት፣ መብራት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋብሽ ነው። ሳይጠይቅ ዋጋ የሚናገር ነጋዴ እንጂ ገጣሚ አይደለም። ሁለተኛ፣ ዓመት ያለፈው ስራውን ያሳይሽ። ትናንት የገጠመውማ መቼም ይሰራል፤ በሰርጓ ቀን የማታምር ሙሽራ አለች? ቤቱ ድረስ ሂጂ፣ "ቆጣሪውን አጥፉልኝ" በያቸው፣ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ያፍራሉ ብለሽ እንዳትፈሪ፤ እኔ ያፈርኩት ይበቃል። ባትሪውን ደግሞ ...

... ምን? ... አሁን? ጣሪያሽ ላይ ነው ያለው? ... ጀምሯል! ታዲያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እንዴ፣ ከመጀመሩ በፊት አትደውዪም? ... ልብሽ ፈራ። ደግ ነው የፈራው። ማን አመጣልሽ? ... "ጥሩ ነው አሉ።" ኧረ በፈጠረሽ! ... እሺ፣ እሺ፣ አልቆጣሽም። ኢንጂነር ነው ትሉታላችሁ? ሁሉም ኢንጂነር ነው። ቆይ፣ ምን እንደምታሰሪበት ጠይቆሻል? ... አልጠየቀሽም። ባትሪዎቹን አምጥቷል? ... አዲስ ናቸው? ... በምን አወቅሽ?

... ምን አልሽ? ... ድገሚልኝ እስቲ።

... ጆሮውን ባትሪው ላይ ደግፎ ያዳምጣል። ዓይኑን ጨፍኖ። ... "ይሄ ጤነኛ ነው፣ ልቡ ይመታል" አለሽ።

... አለሁ። ... አለሁ፣ ትን ብሎኝ ነው። አንድ ጊዜ ቆዪኝማ፣ እማዬ ውሃ ፈልጋለች። እንዳትዘጊው፣ ስልኩን ላስቀምጠው ነው።

እማዬ። እማዬ፣ ስሚኝ፣ ቀስ ብለሽ። አገኘሁት። ያ ባትሪ የሚያዳምጠው፣ የእኛን የገጠመው! እሷ ጣሪያ ላይ ነው ያለው፣ አሁን። ... አልነገርኳትም። ብነግራት ትጮህበታለች፣ ስትጮህበት ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ የት አገኘዋለሁ? ነገ ነው እኮ እማዬ፣ ነገ። ... አትነቅንቂብኝ ራስሽን። እንዲህ አትዪኝ በናትሽ።

... ሄሎ? አለሽ? ... ምንም አይደል፣ ጠጣች። ስሚ፣ ስልኩን ለሰውዬው ስጪውማ። ... እንዲያው አንድ ሁለት ነገር ልጠይቀው። ምናልባት የእኛንም ያይልን እንደሆነ። ... ይውረድ፣ እጠብቃለሁ። ለብቻው ስጪው ደግሞ፤ አጠገቡ ከቆምሽ ያፍራል።

...

... ሄሎ። ... እኔ ነኝ። ... አውቀኸኛል። ... እንዳትዘጋው! እባክህ እንዳትዘጋው። አልነገርኳትም። ... ስለ አንድ ሰው አወራኋት እንጂ አንተ መሆንህን አላወቀችም።

ልሰድብህ አይደለም። ስድቤን ስልኩ ላይ ለምታወራው ሴትዮ ጨርሼዋለሁ። ... አላሳስርህም። ማን ሰምቶኝ? ... አድምጠኝ። ነገ ቀኑን ሙሉ መብራት የለም። እናቴን ታውቃታለህ፤ ቤቴ ስትገባ "እማማ" ብለህ ግንባሯን ስመሃታል። እሷ ናት። አንድ ደህና ባትሪ፣ እና ያ የሚስጥር ቁጥር። ሌላ አልፈልግም። የበፊቱን ሁሉ ትቼልሃለሁ። ... ዛሬ? ... ዛሬ ስትል የእኛ ዛሬ ነው ወይስ ያንተ ዛሬ? ... አትማልልኝ። መሐላህን አውቀዋለሁ።

... ምን? ... ምን ብዬ ልንገራት? "ጥሩ ነው" ብዬ? ...

... እህቴ ናት እኮ። የአክስቴ ልጅ ናት፤ አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው። ያን መፈልፈያ እንዴት አድርጋ እንደገዛችው ታውቃለህ? ... አይ፣ አታውቅም። ... እሺ፣ ለሷ ደህናውን ግጠምላት፣ ያንን ቃል ግባልኝ። ... "እንደሚሆን እናደርጋለን" ማለት ምን ማለት ነው? እንደተጠየቅከው መልስልኝ እንጂ። ... ሄሎ? ሄሎ! ... አለህ። እሺ። እሺ አልኩህ። እላታለሁ። ስጣት። ስጣት ሐሳቤን ሳልቀይር።

... ሄሎ፣ እህቴ። ... አወራን። ... አይ፣ እሱ አይደለም! ያ የእኛው ሌላ ነው፤ እሱ ወፍራም፣ አጠር ያለ ነበር። ... አዎ። ይሄኛው ጥሩ ነው። ... ጠየቅሁታ። የሚያውቅ ሰው ነው፣ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ... ወረቀቱን? አይ ... መላጥ አያስፈልግም። ዋስትናው ይበላሽብሻል፣ ተዪው። ... አዎ፣ ይጀምር። ይስራ በቃ። ... ያንቺን ሲጨርስ ወደ እኛ እመጣለሁ ብሏል፣ ዛሬውኑ። ... እንግዲህ ብሏል።

... አላለቀስኩም፣ ጉንፋን ነው። ... እማዬ? እማዬ ተኝታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ... አይ፣ ምን አደረግሁልሽ? ... ምንም አላደረግሁልሽም። ... "ካንቺ ከሰማሁማ ይበቃኛል" ... አዎ፣ ሰማሁሽ። ... አታመስግኚኝ። ... አታመስግኚኝ አልኩሽ እኮ! ... እሺ። እሺ፣ እህቴ። ዝጊው።