የመጋዙ ሌላኛው ጫፍ

ጋሽ ቶለሳ ፊሽካ በአንገቷ ያንጠለጠለች ወጣት የአጥራቸውን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ባዩ ጊዜ፣ መጋዛቸውን ግንዱ ውስጥ እንደተሰካ ትተው ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጃቸውን ለስብሰባ ልትጠራ ከቀበሌ የተላከች መስላቸው ነበር።

«ጓዲት፣» አሉ ኮፍያቸውን አውልቀው፤ «ልጄ የለችም። ሱሉልታ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች። መቼ እንደምትመለስም አላውቅም።»

አፋቸውን ሳይገጥሙ ከቤት ውስጥ የልጃገረድ ሳል ተሰማ።

ወጣቷ መሬት መሬት አየች። ጋሽ ቶለሳ ደግሞ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ አንጋጠጡ።

«ጋሼ፣ እኔ... ማለቴ... ጓዲት አይደለሁም። ሰናይት ነኝ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው የዋቅቶላ ልጅ።»

«የዋቅቶላ? ያቺ ከእናቷ ቀሚስ ሥር የማትወጣው?»

«እሷው ነኝ።»

ሳቃቸው መጣ፤ ዓይናቸው ግን ከፊሽካዋ ላይ አልተነሳም። «ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

«የመረብ ኳስ ማጫወቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለመድኩት። አሁን የሰፈሩን ልጃገረዶች ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ሜዳ አሰባስባለሁ። ልጅዎን ደራርቱን እንዲፈቅዱልኝ ልለምንዎ ነው የመጣሁት።»

የጋሽ ቶለሳ ፊት ወዲያው ጠቆረ። ጊዜው 1975 ዓመተ ምሕረት ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የበኩር ልጃቸው ዱጉማ «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ በዚሁ በር ወጥቶ እንደወጣ ቀረ። ለዳቦ ቤቶች የሚሸጡትን ግንድ አባትና ልጅ ሆነው በባለሁለት እጀታው መጋዝ ይቆርጡት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ቶለሳ አንዱን እጀታ ይዘው ለብቻቸው ይታገላሉ፤ ሌላኛው እጀታ ባዶውን ይወዛወዛል። ደራርቱም ከትምህርት ቤት ቤት፣ ከቤት ትምህርት ቤት ብቻ ሆነች።

«አባትሽን አከብራለሁ፣» አሉ። «መሰብሰብ የሚባል ነገር ግን በዚህ ቤት አይነሳም።» ወደ መጋዛቸውም ተመለሱ።

ሰናይት ዓይን አፋር ናት፤ በሌላ ቀን ቢሆን ይቅርታ ጠይቃ በወጣች። መጋዙ እየተጣመመ እምቢ ሲላቸው ስታይ ግን ቦርሳዋን አስቀምጣ ባዶውን እጀታ ያዘች።

«ተይ፣ እጅሽ ይላጣል!»

«ይላጥ ጋሼ።»

«አትግፊ እንግዲህ! መጋዝ አይገፋም። እኔ ስስብ ለቀቅ፣ አንቺ ስትስቢ እኔ ለቀቅ። እጀታውን ግን እንዳትጥዪው።»

ጥቂት ጊዜ እየተፈራረቁ ሳቡ። መጋዙም ዜማውን አገኘ።

«ደራርቱ ምንም አልጎደለባትም፣» አሉ ጋሽ ቶለሳ ሳይጠየቁ። «ትበላለች፣ ትማራለች።»

«ትስቃለች?»

መጋዙ ተንገጫገጨ።

«እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣» አለች ሰናይት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ዓመት ሙሉ ለብቻዬ ነበር የምበላው። መምህሩ ሲጠይቅ መልሱን እያወቅሁ ዝም እል ነበር። በኋላ ጌጤ የምትባል ልጅ እጄን ጎትታ ሜዳ አስገባችኝ። እዚያ ኳሱ ሲመጣ ‹የኔ!› ብሎ መጮህ ግድ ነው፤ አለዚያ ከጎን ካለችው ጋር ግንባር ለግንባር መጋጨት ነው። በዕድሜዬ ጮክ ብዬ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው።»

«እንግዲህ ጨዋታ ነው።»

«አዎ፣ ጨዋታ ነው። እርስዎስ እድር ለምን ገቡ?»

«ሞት ለብቻ አይቻልማ!»

«መኖርስ ለብቻ ይቻላል ጋሼ?»

ጋሽ ቶለሳ ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ዱጉማም እንዲህ አፉ ጣፋጭ ነበር፣» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ላይ ስንሆን ነው የሚያምርብን ይለኝ ነበር። ወጥቶ ቀረ። እንግዲህ መልሺልኝ፤ የተማርሽ ነሽ።»

ሰናይት ቀና ብላ አየቻቸው።

«መልስ የለኝም። ቃል የምገባልዎ የምችለውን ያህል ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ ፈቅደውልናል። ሜዳው ገላጣ ነው፤ መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይመልከቱን። ሳይመሽ እበትናለሁ፤ ደራርቱንም እዚህ በር ድረስ ራሴ አመጣታለሁ።»

ጋሽ ቶለሳ ጥርሳቸውን ነክሰው መጋዙን ሳቡት፤ በእሷ ተራም ሳይለቁ ወደ ራሳቸው ያዙት። መጋዙ ግንዱ ውስጥ ቀረ።

«ጋሼ፣» አለች ሰናይት፤ «አልለቀቁልኝም።»

ሽማግሌው እጀታውን የጨመደዱበትን እጃቸውን አዩ። ጅማታቸው ተወጣጥሯል። ደራርቱን የሚጠብቁ መስሏቸው እንደዚሁ አንቀው መያዛቸው ያን ጊዜ ታያቸው። ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈቱ።

«ደራርቱ!» ብለው ተጣሩ። «ነይ ከሱሉልታ!»

ልጅቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። «አቤት አባባ።»

«ኳስ ትወጃለሽ?»

ነጠላዋን ከአፏ ገፋ አድርጋ፣ «ቅዳሜ ነፋሱ ወደዚህ ሲሆን ይሰማኛል፣» አለች። «‹የኔ!› ሲሉ።»

ጋሽ ቶለሳ ፊታቸውን አዞሩ። «እንግዲያ የእሷን ጫፍ ያዢላት፤ እጇ ተላጠ።»

ባለቤታቸው ባዩሽ ከገበያ ስትመለስ ሰናይት መዳፏን እፍ እፍ ስትል አገኘቻት። «አንተ ሰው! ዩኒቨርሲቲ የተማረች ልጅ እንጨት ታስቆርጣለህ?»

«ምን አለበት፤ በድካሟ ዋጋ ልጅሽን ትወስዳለች።»

ባዩሽ ነገሩን ስትረዳ ዘንቢሏን አስቀምጣ ሰናይትን ግንባሯን ሳመቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለወላጅ ሁሉ ቢነገር ይበጃል። የመረቡን ቋሚዎች ጋሽ ቶለሳ ራሳቸው ቆርጠው ተከሉ። ደራርቱ ክፍል ውስጥ እጇን ማንሳት ጀመረች። በክረምቱ ባዩሽ ታማ ስትተኛ ልጃገረዶቹ ተራ ገብተው ውኃ ቀዱ፣ አስታመሙ፤ ማንም አልጠራቸውም። ወጣት ለብቻው ሲቀመጥ ሐዘኑ ብቻ ነው የሚያድገው፤ ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን ግን መናገርን፣ ተራ መጠበቅን፣ ለሌላው መድረስን ይለምዳል። ጋሽ ቶለሳም ሴት ልጁን ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ አጠገብ የማያርቀውን ሸማኔ ጎረቤታቸውን ሾዴን፣ «ለቀቅ አድርጋት እንጂ፤ እጀታውን ጣል አላልኩህም፣» ይሉት ነበር።

በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ግን ጋሽ ቶለሳ ሜዳው ሄደው ድንጋይ ላይ ሊቀመጡ እንኳ አልደፈሩም፤ በራቸው ላይ ቆመው ዋሉ። ደራርቱ ከምሳ በኋላ ወጣች። ሳይመሽ ተመለሰች።