የትርንጎ ሰባት ቤት

ቢቸና፤ የእጮኛዋ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ትርንጎ የአያቷ የአላምረው እኅት በሆኑት በእማሆይ አጸደ ደጃፍ ደብተር ዘርግታ ተቀምጣለች።

ትርንጎ፦ አንዲት ስም ብቻ ይቀይሩልኝ ነው የምልዎት፣ እማሆይ።

እማሆይ አጸደ፦ የዘር ቆጠራ መሰላል ነው፤ እርከኑን ነቅለሽ ምኑን ልትረግጪ?

ትርንጎ፦ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከራስሽ ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ አሉኝ፤ ወጣሁ። ከአንድ አፍ ብቻ የሰማሽውን አትቀበዪ አሉኝ፤ ሦስት ሽማግሌ ጠየቅሁ። የዓለም ስምና የክርስትና ስም እንዳይምታታብሽ አሉኝ፤ ለየሁ። ይኸው ያገኘሁት።

እማሆይ አጸደ፦ እስቲ አንብቢው።

ትርንጎ፦ እኔ፣ አባቴ ደምሌ፣ አያቴ አላምረው፣ ከዚያ ጎሹ፣ ከዚያ ውቤ። እጮኛዬ መልካሙም በእናቱ በኩል ሲቆጥር አምስተኛው ላይ ያው ውቤ ነው።

እማሆይ አጸደ፦ ሰባት ቤት ሳይሞላ ገጠመ። አትጋቡም።

ትርንጎ፦ እሑድ የሚቆጥረው አባቴ ነው። የእነ መልካሙ ሽማግሌዎች ውቤ የሚል ስም ከሰሙ ተነሥተው ይሄዳሉ። እርስዎ «ውቤ አይደለም፣ እገሌ ነው» ቢሉት አባቴ ያምንዎታል።

እማሆይ አጸደ፦ ቆቤን ደፍቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ?

ትርንጎ፦ አራት ዓመት የጠበቀኝን ሰው ምን ልበለው? መውጫ አጣሁ እኮ።

እማሆይ አጸደ፦ አታልቅሺ። በሥጋ ከሆነ የሚከለክልሽ የለም።

ትርንጎ፦ ምን ማለት ነው?

እማሆይ አጸደ፦ ወንድሜ አላምረው አልወለደም። አያትሽን ሲያገባት የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከአንድ መንገደኛ ነጋዴ። እያወቀ ነው ያገባት።

ትርንጎ፦ አባቴ የአላምረው ልጅ አይደለም?

እማሆይ አጸደ፦ የሥጋውን ነው የነገርኩሽ። አላምረውማ አንድ ቀን እንኳ ልጄ አይደለም ሲል አልሰማሁትም። ሊሞት ሲል አስማለኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዘግቼው ኖርሁ።

ትርንጎ፦ እንግዲያው እሑድ ይህንኑ ይናገሩልኝ።

እማሆይ አጸደ፦ ካልሽ እናገራለሁ፤ መሐላዬን ማፍረሴን ለነፍስ አባቴ እናዘዛለሁ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደምሌ ምንም አያውቅም፤ እዚያው ሰው መሐል ተቀምጦ ነው የሚሰማው።

ትርንጎ፦ ቀድሜ ለብቻው ብነግረውስ?

እማሆይ አጸደ፦ ንገሪው። ምን ብለሽ ነው የምትጀምሪ?

ትርንጎ፦ «አባዬ፣ አንተ...»

እማሆይ አጸደ፦ ቀጥይ።

ትርንጎ፦ በየመስከረሙ የአላምረውን መቃብር ሣር ሲያጭድ አብሬው እሄዳለሁ። ማጭዱን አስቀምጦ ድንጋዩን በመዳፉ ይጠርገዋል፤ ከዚያ «እኔ የዚህ ሰው ልጅ ነኝ» ይለኛል። በየዓመቱ፣ እንዳልነገረኝ ሁሉ።

እማሆይ አጸደ፦ ታዲያ እሑድ ልምጣ ወይስ ልቅር?

ትርንጎ፦ ይቅሩ። አባቴ ራሱ ይቁጠር፤ ውቤ ላይ ሲደርስ እኔ ዝም እላለሁ።