ትንኟ የምትዋጋው ለማን ነው?

የሰፈሩ ሰው «ራዲዮ» የሚላቸው አዛውንት ልብስ ሰፊ የሰሙትን ለደንበኛ ሳያካፍሉ ውለው አያውቁም። ወሬው ግማሽ ሆኖ ቢደርሳቸው ግማሹን ራሳቸው ይሞሉታል። አንድ ጠዋት የጎረቤታቸው ልጅ፣ ስለ ትንኝ የምታጠና ተመራማሪ፣ የጋዋኗን የተቀደደ ኪስ ልታሰፋ ብቅ ስትል፣ አጎበር ዘርግተው መቀሳቸውን አነሡ።

«አባባ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ለሙሽራ ቀሚስ ገበር ላወጣበት ነዋ! ትናንት ማታ ከልጄ አልጋ ላይ አወረድኩት። ከእንግዲህ ምን ይሠራላታል?»

ልጃቸው ነፍሰ ጡር ናት፤ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ጋደም ብላለች። ተመራማሪዋ ክው አለች።

«እንዴት ምን ይሠራላታል ይላሉ?»

«ትንኟ ራሷ ወባን ትዋጋለች ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ታዲያ የሚዋጋልኝን ወታደር ከደጅ ላስቀረው?»

«የሰሙትስ እውነት ነው» አለች ተመራማሪዋ።

አዛውንቱ ለሙግት ተዘጋጅተው ስለነበር ግራ ገባቸው።

«እውነት ከሆነ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ትንኟ በወባ የታመመ ሰው ደም ስትጠጣ የወባው ተውሳክም አብሮ ይገባል። የሆዷን ግድግዳ ጥሶ ሊያልፍ ሲል ሰውነቷ ይነቃበታል። ምልክት ይለጥፍበትና ያፈራርሰዋል፤ አንዳንዱንም በጥቁር ነገር ሸፍኖ ይገድለዋል። አብዛኛው እዚያው ያልቃል።»

«ወገናችን ናታ!»

«የምትዋጋው ለራሷ ነው፣ አባባ። ደግሞም ጥቂቱ ያመልጣታል፤ አንዳንዴ አንድ ብቻ።»

«ለአንድ ተውሳክ ነው እንዴ ይህ ሁሉ ጩኸት?»

«ያመለጠው አንዱ ሆዷ ላይ ተለጥፎ ይራባል፤ ሺሕ ሆኖ ወደ ምራቋ ይሄዳል። ስትነክሰን ያንን ነው የምትለቅብን። ለእኛ የሚተርፈን የተሸነፈው ሳይሆን ያሸነፈው ነው።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ገዳይዋ ራሷ ተዋጊ ከሆነች ማንን ይጥሉ፣ ማንን ያንሡ? በዚህ አይፈረድባቸውም፤ ነገሩ የተማረውንም ያምታታል።

«ወይ ጠላት ናት በይኝ፣ ወይ ወዳጅ!»

«ሁለቱም አይደለችም። እኛ መከላከያዋን አጠንክረን አንድም ተውሳክ እንዳያመልጣት ማድረግ ይቻል እንደሆነ እያጠናን ነው። ገና አልደረስንበትም።»

«እስክትደርሱበትስ?»

«እስከዚያማ አጎበር ነው። ወባ በነፍሰ ጡር ላይ ይከፋል። ፅንሱ ሊጨናገፍ፣ ሕፃኑም ከስቶ ሊወለድ ይችላል።»

ይህን ጊዜ ከጓዳ ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ አጎበሬን ወዴት ወሰድከው? ትንኝ ሲበላኝ አደረ እኮ!»

አዛውንቱ መቀሱን ጣሉ።

«ምን አደረግሁ?» አሉ፤ «በገዛ እጄ ልጄን!»

«ተውሳክ ያላት ሁሏም ትንኝ አይደለችም» አለች ተመራማሪዋ ለስለስ ብላ። «ግን ትኩሳት ከተሰማት ዛሬ ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ ደሟ ይታይ። ከዛሬ ጀምሮም ከአጎበር ውጪ አትተኛ።»

አዛውንቱ አጎበሩን አቅፈው ገቡ፤ ወንበር ላይ ወጥተው አሰሩት፤ ጫፉንም ዞረው ዞረው ከፍራሹ ሥር ወሸቁ። አጎበር ትንኟን ከሰው ይለያል። ያመለጣት ተውሳክ ካለም ወደ ነፍሰ ጡሯ ደም አይገባም፤ ለወባ የሚወጣው ገንዘብና እንባም ይቀራል።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አለች ልጃቸው በአጎበሩ ውስጥ ሆና እያየቻቸው።

«እኔም በደንብ አልገባኝም፣ ልጄ። ትንኟ ትዋጋለች አሉ፤ ታሸንፍ፣ አታሸንፍ የራሷ ጉዳይ ነው። እኔ ግን አንቺን አስይዤ አልወራረድም።»